ጆሮ ማዳመጫና አምፕሊፋየር አልስማማ ሲሉ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

«ይህ አምፕሊፋየር ለጆሮ ማዳመጫዬ ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ዕቃው ከተገዛና አንድ ነገር ቅር ካሰኘ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ሞቅ ያለ»፣ «ደረቅ»፣ «ጥርት ያለ» የሚሉ ቅጽሎችን እየተከተለ ሌላ አምፕሊፋየር ፍለጋ ይወጣል። እኔ ከብዙ መግዛትና መልሶ መሸጥ በኋላ የደረስኩበት ድምዳሜ ግን ሌላ ነው፤ ከቅሬታዎቹ አብዛኞቹ የጣዕም ሳይሆኑ የቮልቴጅ፣ የመውጫ ኢምፔዳንስ (የአምፕሊፋየሩ መውጫ ራሱ ለከረንት የሚያሳየው፣ በኦም የሚለካ ተቃውሞ) እና የጫጫታ ጉዳዮች ስለሆኑ መጀመሪያ በቁጥር መፈተሽ አለባቸው። ጣዕም የራሱ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ቮልዩሙ እስከ ጫፍ ተከፍቶ ድምፁ ሲያንስ

ይህ ምልክት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ማዞሪያው መጨረሻ ደርሶም ሙዚቃው ከሩቅ የመጣ ያህል ይሰማል። ሁለተኛው አታላይ ነው፤ ለስለስ ባለው ክፍል ምንም ጉድለት አይታይም፣ ከበሮው ሲመታ ወይም ኦርኬስትራው ባንድነት ሲነሣ ግን ድምፁ ይሻክራል፣ ይጨማደዳል። አምፕሊፋየሩ ካለው ቮልቴጅ ወይም ከረንት በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የሚሰማው መሻከር ይኸው ነው።

መንስኤውን ለማወቅ ኦሙን፣ ማለትም የማዳመጫውን ኢምፔዳንስ፣ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጆሮ ማዳመጫዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 ባለ 600 ኦሙ ዓይነት በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ያወጣል፤ የሃይፋይማን ኤችኢ-6 ደግሞ 50 ኦም ብቻ ሆኖ ሳለ በዚያው 1 ሚሊዋት የሚያወጣው 83.5 ዴሲቤል ነው። ለሙዚቃው ድንገተኛ ጫፎች 110 ዴሲቤል ይበቃናል ብንል፣ የመጀመሪያው 25 ሚሊዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ወደ 3.9 ቮልትና 6.5 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ሁለተኛው የሚጠይቀው ወደ 450 ሚሊዋት ነው፤ ቮልቴጁ 4.7 ገደማ ሲሆን ከረንቱ ወደ 95 ሚሊአምፔር ይወጣል። የሚፈልጉት ቮልቴጅ ይቀራረባል፣ ከረንቱ ግን በአሥራ አምስት እጥፍ ገደማ ይራራቃል። «ኦሙ ትንሽ ስለሆነ በስልክም ይሠራል» ተብሎ የተገዛ ፕላናር (እንደ ኤችኢ-6 ድምፁን በሰፊ ስስ ገጽ የሚያወጣ) ጆሮ ማዳመጫ ባለቤቱን የሚያሳፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ በማሸጊያው ላይ አለ። አንዳንድ አምራቾች የድምፅ ብቃቱን የሚጽፉት በ1 ሚሊዋት ሲሆን ሌሎች በ1 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ቀጥታ አይነጻጸሩም። በ32 ኦም ላይ ልዩነታቸው ወደ 15 ዴሲቤል፣ በ300 ኦም ላይ ደግሞ ወደ 5 ዴሲቤል ነው፤ በቮልት የተጻፈው ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል። ለምሳሌ 300 ኦም የሆነው ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል የሚለው መግለጫው በሚሊዋት ሲመነዘር 98 ገደማ ይሆናል።

ለመፍትሔው የአምፕሊፋየሩን መግለጫ ወደ ቮልት መልሶ ማንበብ ይበቃል፤ ዋቱን በኦሙ አባዝቶ ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። «1 ዋት በ32 ኦም» የተባለለት አምፕሊፋየር ቢያንስ 5.6 ቮልት ይሰጣል፤ ስለዚህ ከላይ ያሉት ሁለቱም ይበቃቸዋል። በአንጻሩ 1 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ የስልክ አዳፕተር ለባለ 600 ኦሙ የምታደርሰው 98 ዴሲቤል ድረስ ብቻ ነው። ከ1 ዋት ወደ 2 ዋት መዝለል የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ በመሆኑ ለዚያ ተብሎ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም። ባላንስድ መውጫ (ለእያንዳንዱ ጆሮ ሁለት ተቃራኒ ምልክቶች የሚልከው) ቮልቴጁን እስከ እጥፍ፣ ማለትም እስከ 6 ዴሲቤል፣ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የመውጫ ኢምፔዳንሱንም አብሮ እጥፍ ያደርገዋል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ለኤችኢ-6 የሚበቃ አምፕሊፋየር ላይ በጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ከመሰካት በፊት ቮልዩሙን ዜሮ ማድረግ ግዴታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ 110 ያልነው ለቅጽበታዊ ጫፍ እንጂ ለመደበኛ ማዳመጥ አይደለም።

ድምፁ ይበቃል፣ መልኩ ግን ተለውጧል

በየጆሮው በርካታ ድራይቨር (ድምፅ አውጪ ክፍል) ያለው፣ በስልክ ላይ ሲሰካ ጥርት ብሎ የሚሰማ ማዳመጫ ነበረኝ። ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ትልቅ አምፕሊፋየር ስሰካው ጸናጽሉ በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ መሰለኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል «ይህ አምፕሊፋየር ጨለምተኛ ነው» እያልኩ ስወቅሰው ቆይቼ በመጨረሻ ለካሁት።

ልኬቱ ቀላል ነው። የ300 ኸርዝ ድምፅ በዝቅተኛ ቮልዩም አስነስቼ ምንም ሳልሰካ በመልቲሜትር ስለካ 0.50 ቮልት አገኘሁ፤ በመውጫው ላይ 33 ኦም ሬዚስተር ሳገናኝ ወደ 0.38 ቮልት ወረደ። የጠፋውን 0.12 ለቀረው 0.38 አካፍሎ በ33 ማባዛት የአምፕሊፋየሩን የመውጫ ኢምፔዳንስ ይሰጣል፤ 10 ኦም ገደማ ሆነ። የማዳመጫዬ ኢምፔዳንስ ደግሞ እንደየድምፁ ቅጥነት ከ30 እስከ 8 ኦም የሚወርድ ነው፤ ዝቅ የሚለውም በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው። በ30 ኦም ላይ የሚጠፋው 2.5 ዴሲቤል ሲሆን በ8 ኦም ላይ ግን 7 ዴሲቤል ነው፤ ስለዚህ ጸናጽሉ ከቀረው ሙዚቃ በ4.5 ዴሲቤል ወርዶ ነበር። የመውጫ ኢምፔዳንሱ ግማሽ ኦም በሆነ ሌላ አምፕሊፋየር ላይ ይኸው ልዩነት 0.4 ዴሲቤል ብቻ ይሆናል። ጥፋቱ የማንም ባሕርይ ሳይሆን የሁለቱ አለመገጣጠም ነበር።

በተለምዶ የሚሠራበት መመሪያ የአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፔዳንስ ከማዳመጫው ኢምፔዳንስ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው፤ ለ32 ኦም 4 ኦም፣ ለ16 ኦም 2 ኦም ማለት ነው። ፕላናሮች ኢምፔዳንሳቸው በሁሉም ቅጥነት ላይ እኩል ስለሆነ በዚህ ረገድ ግድ የላቸውም፤ ድምፃቸው ትንሽ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ መልኩ አይለወጥም። ባለ ብዙ ድራይቨር የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎች ግን ምሕረት አያውቁም። አሮጌ መሣሪያ ላይ 120 ኦም ብታገኙ አትደነቁ፤ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው 61938 በተባለው ደረጃ የመከረው ይህንኑ ቁጥር ነበር።

ሙዚቃው ሲቆም «ሽሽ» የሚል ድምፅ

ጸጥታ ውስጥ የሚሰማ ሽሽታ የሚያስቸግረው እጅግ ንቁ የሆኑ የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎችን ነው። ማዞሪያውን ከዜሮ ወደ ላይ ስታንቀሳቅሱት ሽሽታው የማይለወጥ ከሆነ ጫጫታው ከማዞሪያው በኋላ ካለው የአምፕሊፋየሩ ክፍል ነው፤ አብሮ የሚጨምር ከሆነ ግን ከማዞሪያው በፊት፣ ብዙ ጊዜ ከዳኩ (ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ከሚቀይረው መሣሪያ) የሚመጣ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ጌይኑን (የአምፕሊፋየሩን የማጉላት መጠን) ወደ ዝቅተኛው ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ካልፈታው አምፕሊፋየሩ ለሌላ ዓይነት ማዳመጫ የተሠራ ነውና መለወጥ ነው። በመሐል የሚገባ መቀነሻ ገመድም ይሸጣል፤ ነገር ግን አንድ ሬዚስተር ብቻ በተከታታይ የያዘው ዓይነት የመውጫ ኢምፔዳንሱን ስለሚጨምር ከላይ ወዳየነው ችግር ይመልሳችኋል።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ሌላ ምልክት አለ፤ ማዞሪያው ገና ሲነሣ አንዱ ጆሮ ጮኾ ሌላው ያንሳል። ተራ የቮልዩም ፖቴንሺዮሜትር በጉዞው መጀመሪያ ላይ ግራና ቀኙን እኩል አይከፍልም። ጌይኑን ወይም የማጫወቻውን ዲጂታል ቮልዩም ዝቅ አድርጎ ማዞሪያውን ወደ መሐል ማምጣት ይበቃል።

ያልተቋረጠ ጉምጉምታ

ዝቅ ያለና የማይቋረጥ ጉምጉምታ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ አዳምጡ። ከጠፋ መንስኤው የመሬት መስመር መዞር ነው፤ ይኸውም መሣሪያዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ የመሬት መስመር ተያይዘው ከረንት በመካከላቸው ሲዞር ነው። ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ሶኬት ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩንና ዳኩን በኦፕቲካል ገመድ ማገናኘት ይፈታዋል። የፕላጉን የመሬት እግር መቁረጥ ጉምጉምታውን ሊያጠፋ ይችላል፣ ሰውንም ሊገድል ይችላል፤ አይደረግም።

ሁሉም ደኅና ነው፣ ግን አልወደድኩትም

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ተፈትሾ ድምፁ አሁንም ካላረካ ጥያቄው የጣዕም ሆኗል፤ ያን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው ጆሮ ማዳመጫው ነው። በሁለት ማዳመጫዎች መካከል የ5 ወይም የ10 ዴሲቤል ልዩነት በየቅጥነቱ ማግኘት የተለመደ ሲሆን፣ በአግባቡ የተሠሩና በትክክል የተገጣጠሙ ሁለት የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ግን ከአንድ ዴሲቤል ጥቂት ክፍልፋይ በላይ አይራራቁም።

ከዚህ ደንብ የሚወጡት የመውጫ ትራንስፎርመር የሌላቸው ባለ ትዩብ (በትራንዚስተር ፋንታ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠሩ) አምፕሊፋየሮች ናቸው። የመውጫ ኢምፔዳንሳቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ከባለ ከፍተኛ ኦም ማዳመጫ ጋር ይስማማሉ፤ ለውጡም እውነተኛ ነው። የኤችዲ 650 ኢምፔዳንስ በባሱ አካባቢ ወደ 500 ኦም ስለሚወጣ በ120 ኦም መውጫ ላይ ባሱ ከቀረው በ1 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ይላል፤ ትዩቡም የራሱን ጥቂት መዛባት ይጨምርበታል። ያን ሙቀት የሚወድ ሰው በደስታ ይግዛው፤ እኔም አንድ አለኝ፣ ክረምት ሲሆን እጄንም አሞቅበታለሁ። ያንኑ 1 ዴሲቤል በነፃ ኢኩዋላይዘር መሞከር ግን ይቀድማል፤ ባሱን ስታነሡ ጠቅላላ ድምፁን በዚያው መጠን ዝቅ ካላደረጋችሁ ዲጂታሉ ራሱ ጫፍ ይቆርጣል።

ሁለት አምፕሊፋየሮችን ስታነጻጽሩ ጥቂት የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ ማዳመጫው እንደተሰካ የ300 ኸርዝ ድምፅ አጫውታችሁ ሁለቱን በመልቲሜትር ወደ አንድ ቮልቴጅ አምጧቸው፤ ልዩነታቸው ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ይሁን፣ ይህም ከ0.1 ዴሲቤል በታች ነው። ከዚያ የትኛው እንደተሰካ ሳታውቁ ሌላ ሰው እየቀያየረ ያሰማችሁ። አሥራ ስድስት ጊዜ ቀይሮ አሥራ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ከለያችሁ ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማችኋል ለማለት በቂ ምክንያት አላችሁ፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ከሆነ ርካሹን አስቀሩ።