ስስ የሸክላ አፈር ባለበት ኮረብታ ላይ ችግኝ እንዴት ይተከላል?

በ2013 ክረምት 60 የወይራ ችግኝ ተከልኩ። መስከረም ሲጠባ 41ዱ ሞተው ነበር። ውሃ አጥተው አይደለም፣ ሰጥመው ነው። ዳገት ላይ የተተከለ ችግኝ ሰጥሞ ሞተ ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ቦታው ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ጎን ነው። ታች ሜዳው ጥልቅ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ስለሆነ ጤፍና ስንዴ ይዘራበታል። ዳገቱ ላይ ግን ያው ጭቃ ስስ ሆኖ ድንጋይ ላይ ተነጥፏል። ከብት ይግጥበታል እንጂ ለእርሻ ማንም አይጓጓለትም። መረሬ በሉት፣ ዋልካ በሉት፣ ወይም እንደ ኦሮሞ ጎረቤቶቼ ኮቲቻ፣ ጠባዩ አንድ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

1. ጥልቀቱን ለኩ

አንድ ሜትር የሚሆን ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ግዙ፤ ቁራጭ ርካሽ ነው። ጫፉን በሞረድ አሹሉት። የበልግ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ መሬቱ ለስለስ ሲል፣ በየሁለት እርምጃው በመዶሻ እየመታችሁ አስገቡት። ቋ ብሎ ሲቆም ምልክት አድርጉና ለኩ። አንድ ጊዜ ስለቆመ ብቻ አለት ነው አትበሉ፤ ልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ድገሙት።

የኔ ልክ ይኼ ነው። ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ወይራ ወይም የአበሻ ጽድ እተክላለሁ። ከ25 እስከ 50 ከሆነ ክትክታ፤ ክትክታ ጭንጫ መሬት አይፈራም። ከ25 በታች ከሆነ ዛፍ የሚባል ነገር እርሱት፤ ደሾ ሳር ትከሉበት። ሰው ሣር ሲባል ይከፋዋል፣ ሁሉም ዛፍ ይፈልጋል። ስስ ሸክላ ያለበት ኮረብታ ግን ብዙውን ጊዜ ሣር ነው የሚያምርበት፣ አፈሩንም አንቆ የሚይዘው የሣር ሥር ነው።

2. ሸክላ መሆኑን አረጋግጡ

አንድ እፍኝ አፈር በውሃ አቡኩና እንደ እርሳስ አድቦልብሉት። ከዚያ ቀለበት አድርጋችሁ እጠፉት። ሳይሰነጠቅ ከታጠፈ ሸክላ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ አፈርና ውሃ በጥብጦ ማስቀመጥም ይቻላል። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው ግን ውሃውን ለቀናት አደፍርሶ ይቆያል። ቅንጣቱ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ቶሎ አይወርድም። እኔ ቀለበቱ ይበቃኛል።

3. መስመሩን አውጡ

ችግኞቹ በዳገቱ አግድም፣ በአንድ ከፍታ መስመር መሄድ አለባቸው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት አጣና አናታቸው ላይ አጋጥማችሁ እሰሩ፣ መሃላቸው አግዳሚ እንጨት ምቱ፣ ከአናቱ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ አንጠልጥሉ። ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ሲባጎው አግዳሚው ላይ የት እንደሚያርፍ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ እግሮቹን አቀያይራችሁ በዚያው ቦታ ድገሙት። የስልክ አፕ ሞክሬ ነበር፤ በአጣናው ይሻላል።

4. ጉድጓዱ

እኔን ጉድ የሠራኝ እዚህ ላይ ነው። የሠራሁትን ልንገራችሁ። ሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ በአካፋ ጥልቅና ጠባብ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ውስጡን ከችግኝ ጣቢያ በገዛሁት ጥቁር፣ ልቅ አፈር ሞላሁት። ሲታይ ያምር ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። እርጥብ ሸክላ በአካፋ ሲቆረጥ ግድግዳው ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል። ሸክላ ሠሪ እንስራዋን በእጇ ስታለሰልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያው ነው። እኔም ሳላውቅ ዳገቱ ላይ 60 እንስራ ሠራሁ። ዝናቡ ልቅ በሆነው አፈር በኩል ሰተት ብሎ ይገባል፣ በግድግዳው በኩል ግን አይወጣም። ሥሩ አየር አጥቶ በሰበሰ። ነሐሴ ላይ አንዱን ችግኝ ስነቅለው የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ወቅቱን ጠብቁ። እኛ ጋ ለቁፋሮ የሚመቸው ግንቦት ነው። በጋ ላይ መሬቱ ዲጂኖ ይመልሳል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ እግር ይዞ አይለቅም። አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት። ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ቆፍሩ፤ ካብለጨለጨና ጣት ላይ ከተጣበቀ ቆዩ።

ጉድጓዱን ሰፊና ጥልቀቱ አነስ ያለ አድርጉት። እኔ አሁን 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ጥልቀት ነው የማደርገው። ሲያልቅ ግድግዳውን በዲጂኖ ጫፍ ዙሪያውን ቧጥጡት፤ ለስላሳ ቦታ አይቅር።

ከዚያ ፈትኑት። በውሃ ሙሉት፣ ይጠጣ። እንደገና ሙሉትና ሰዓት ያዙ። በሁለተኛው ዙር ውሃው በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር እንኳን ካልወረደ ወደ ታችኛው በኩል አፍ ክፈቱለት። አንድ መዳፍ የሚሰፋ ቦይ፣ ወለሉ ከጉድጓዱ ወለል እኩል ሆኖ ወደ ቁልቁል የሚወጣ። ቦዩን በደቃቅ ድንጋይ ሙሉት፣ አለዚያ አፈራችሁን ይዞት ይሄዳል። ዳገት መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ ውሃውን የምትሸኙበት የላችሁም። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ዋልካውን በእጁ እያነሳ ሰፋፊ መደብ የሚሠራው፣ በመሃሉም ቦይ የሚተወው ለዚሁ ነው።

ይህ ግን ለእኛ ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ አብዛኛውም ክረምት ላይ ነው። ወደ መተሐራ በወረዳችሁ ቁጥር ነገሩ ይገለበጣል። በደረቅ አገር የግጦሽ ኮረብታ ላይ ሸክላ የሚያመጣው ጣጣ ጥማት ነው። ትንሽ ዝናብ ከላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አርሶ ያቆማል፣ በማግስቱ ፀሐይ ትወስደዋለች። ኃይለኛው ዝናብ ደግሞ የአፈሩን ገጽ ደፍኖት በላዩ ይሮጣል። እዚያ ያላችሁ አፍ አትክፈቱ። በቁልቁሉ በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ከትራችሁ ውሃውን ያዙት።

5. ተከላው

ጉድጓዱን ከዚያው በወጣው አፈር መልሱት። ኮምፖስት ካላችሁ ከላይ በትኑት። አሸዋ ቀላቅሉበት የሚል ምክር ስንቴ እንደሰማሁ! ሸክላን ለመለወጥ ከግማሽ በላይ አሸዋ ያስፈልጋል፤ ለዳገት ሙሉ ማን ገዝቶ ማን ይሸከማል? ትንሹ አሸዋ ደግሞ ለውጥ አያመጣም። ጭድም ያው ነው። ከጭቃ ጋር ካቦካችሁት የሚወጣችሁ ምርጊት ነው። ጭድ ቦታው ከላይ ነው፣ አፈሩን እንዲያለብስ።

ችግኙን ከመሬቱ ገጽ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ትከሉት። ፕላስቲኩን መቅደድ አትርሱ። ከላይ በኩል ድንጋይ ካብ አድርጉለት፣ ጎርፉ ፊት ለፊት እንዳይመታው።

አጥሩን ሳትጨርሱ አትትከሉ። ከ60ዎቹ ከመስጠም የተረፉት 19 ነበሩ። ሰባቱን የጎረቤት ፍየል ጨረሰቻቸው። ጋሼ ይቅርታ ጠይቀውኛል፣ ፍየሏ ግን አልጠየቀችም።

6. በጋው

ጥር ላይ መሬቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስንጥቁ ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል፣ ከታች ያለውንም እርጥበት ያስወጣል። በሳምንት አንድ ቀን በችግኙ ዙሪያ ላይ ላዩን፣ ከሦስት አራት ጣት ሳይበልጥ፣ በዶማ ፈርፍሩትና ፍርፋሪውን ወደ ስንጥቁ ውስጥ ግፉት። ከዚያ ጭዱን መልሱበት። ውሃ የምታጠጡ ከሆነ ስንጥቁን ሳትደፍኑ አታፍስሱ፤ ያመጣችሁት ጀሪካን በሙሉ ቀጥ ብሎ አለቱ ላይ ይወርዳል።