በጠባብ መታጠቢያ ቤት የሻወር ስፋት አመራረጥ

መታጠቢያ ቤታችሁን ልታሠሩ ወይም ልታድሱ ካሰባችሁ፣ የሻወሩን ስፋት መወሰን ያለባችሁ ግድግዳው ተለስኖ ሴራሚክ ከተለጠፈበት በኋላ በሚቀረው ልክ ነው፤ ልስኑ፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ተደምረው በየጎኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሚወስዱ፣ በብሎኬቱ ላይ 80 የነበረው ቦታ ሥራው ሲያልቅ 75 ገደማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ካሬ ከሆኑት የሻወር ትሬዎች (ወለሉ ላይ የሚገጠሙ፣ ተሠርተው የሚሸጡ የመታጠቢያ መቆሚያዎች) መካከል የተለመዱት 70፣ 80 እና 90 ሴንቲ ሜትር ናቸው። 70 በ70 የሆነው ቆሞ ለመታጠብ ቢበቃም፣ ፀጉር ሲታሽ ክርን ግድግዳ ይመታል፣ እግር ለመታጠብ ማጎንበስም ያስቸግራል፤ ስለዚህ 80 በ80ን እንደ ዝቅተኛ ልክ፣ 90 በ90ን ደግሞ እንደ ምቹ ልክ ብትይዙ ይሻላል። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ከሆነ ግን እኔ ከካሬው ይልቅ 80 በ120 የሆነውን ረዘም ያለ አራት ማዕዘን እመርጣለሁ፤ ከውሃው ፈቀቅ ብሎ ሳሙና ለመቀባት ቦታ ይሰጣልና።

ከመግዛታችሁ በፊት ልኩን ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምራችሁ ውስጡ ቁሙ፤ እጃችሁን ወደ ጭንቅላታችሁ አንሡ፣ ጎንበስም በሉ። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ፊት ለፊት ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ መቅረቱንም አረጋግጡ፤ ወደ ውጭ የሚከፈት የመስታወት በር ይህን ቦታ የሚሻማ ከሆነ ተንሸራታች በር ወይም መጋረጃ (ርካሽ ነው፣ ቶሎ ግን ይሻግታል) መጠቀም ይቻላል። ትሬ ሳይገባ ወለሉ በሴራሚክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ባለሙያው ወደ ፍሳሽ መውረጃው በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት እንዲሰጠው አስቀድማችሁ ንገሩት።