ፖሊሲን በጨዋታ ማስተማር፦ የዓሣ ሐይቁ ልምምድ

ኮታ፣ ፈቃድና ቅጣት ለምን እንደሚያስፈልጉ በገለጻ ብቻ የሰማ ተማሪ ይሸመድዳል። ሕግ የሌለበትን ሐይቅ በራሱ እጅ ያራቆተ ግን «ምን ይደረግ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል።

ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርገው ይመድቡ፤ አራቱ ያጠምዳሉ፣ አንዱ ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ ቡድን 40 ጠጠር በሳህን ይስጡ። ሳህኑ ሐይቅ፣ ጠጠሩ ዓሣ ነው። በየዙሩ እያንዳንዱ አጥማጅ ከ0 እስከ 8 ያለ ቁጥር በድብቅ ጽፎ ለመዝጋቢው ይሰጣል። መዝጋቢው ድምሩን ብቻ ተናግሮ ያንን ያህል ጠጠር ያነሳል። የተረፈው እጥፍ ይሆናል፤ ከ40 ግን አይበልጥም። የተጠየቀው ካለው ከበለጠ፣ ያለው እኩል ይከፈላል፤ ሐይቁም ደረቀ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ያለ ንግግር ይሁን። ሁሉም 8 ካጠመዱ 8 ይተርፋል፣ 16 ይሆናል፣ በሁለተኛው ዙር ያልቃል፤ የእያንዳንዱ ድምር 12 ነው። ሁሉም 5 ቢያጠምዱ ግን ሐይቁ ሁልጊዜ ወደ 40 ስለሚመለስ በ6 ዙር 30 ያገኛሉ። ስሌቱን አስቀድመው አይንገሩ። የዙሩንም ብዛት ይደብቁ፤ የመጨረሻውን ዙር ያወቀ አጥማጅ ለነገ የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም። ለአንደኛ የሚሰጥ ሽልማትም ይቅር፦ ተማሪው ጎረቤቱን ለመብለጥ ሲል ሐይቁን ያደርቃል፣ ውይይቱም ስለ ፖሊሲ መሆኑ ይቀራል።

ቀጥሎ 5 ደቂቃ ተነጋግረው የራሳቸውን ሕግና ቅጣት ይጻፉ። ዋናው ትምህርት እዚህ ነው። ከሦስት ወረቀት አንዱ ላይ «ፍተሻ» ብለው ይጻፉና በየዙሩ እያንዳንዱ አጥማጅ ዕጣ ያውጣ፤ «ፍተሻ» የደረሰው የጻፈው ቁጥር ይታያል። ኮታው 5 ሆኖ 8 ያጠመደ ሰው 3 ዓሣ ያተርፋል፤ የሚያዘው በአማካይ ከሦስት አንዴ ስለሆነ ቅጣቱ ከ9 ዓሣ ካልበለጠ ማጭበርበር አያከስርም። ብዙ ቡድን 2 ወይም 3 ዓሣ ይቀጣና ሕጉ ለምን እንደተጣሰ ይገርመዋል። አያርሙዋቸው፤ ቁጥሩን ራሳቸው ያሻሽሉ።

ለውይይት ቢያንስ የጨዋታውን ያህል ጊዜ ይተዉ። ጠጠር ይቆጠራል፤ የባሕር ዓሣ ግን ይገመታል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1992 የኒውፋውንድላንድን የኮድ ዓሣ ማጥመድ ስትዘጋ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ግምት ከእውነታው የበዛ መሆኑ አንዱ ችግር ነበር። ጊዜ ካለ ሳህኑን ሸፍነው ይድገሙት፦ መዝጋቢው በሐይቁ ያለውን የዓሣ ቁጥር እስከ 10 ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይናገር፣ ቡድኑም ኮታውን 5 ላይ ይተወው ወይስ ይቀንሰው፣ ይወስን።