ወጣት የስብዕና ምዘና ተመራማሪን ለሽልማት ስንጠቁም ምን እንጻፍ?

የሥነ ልቦና መለኪያ አስተምራለሁ። ለወጣት ተመራማሪዎች የድጋፍ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሌሎች የጻፉትንም አነባለሁ። አብዛኛው «ታታሪ፣ ትሁት፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት» ብሎ ያበቃል። ልጅቷ ምን እንደሠራች ግን አይናገርም። ይህ ያሳዝነኛል። በስብዕና ምዘና ጥሩ ሥራ ካልተነገረለት ተቀብሮ ይቀራል።

መጀመሪያ ለደረጃዋ የሚሆነውን ሽልማት ምረጡ። አሜሪካ ያለው የስብዕና ምዘና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 በብሩኖ ክሎፕፈር የተመሠረተ ነው፤ ያኔ ስሙ፣ በቀለም ጠብታ ምስሎች በሚሠራው የስብዕና ፈተና ስም፣ የሮርሻክ ኢንስቲትዩት ነበር። በክሎፕፈር ስም የሚሰጠው ሽልማት ለዕድሜ ልክ አስተዋጽኦ ነው። በሳሙኤልና በአን ቤክ ስም የሚሰጠው ለጀማሪ ተመራማሪዎች ነው። (ሳሙኤል ቤክና ክሎፕፈር የሮርሻክ ፈተና እንዴት ይተርጎም በሚለው ለዓመታት የተከራከሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ አንዱ ማኅበር በሁለቱም ስም ሰው ማክበሩ ደስ ይለኛል።) መስፈርቱንና የጊዜ ገደቡን ከዘንድሮው ማስታወቂያ ላይ አንብቡ።

ደብዳቤውን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ጻፉት። ዕጩዋ መጠይቅ ይዛ ገጠር ወርዳለች እንበል። መላሾቹ «ዝምተኛ ነኝ» ለሚለውም «ጨዋታ እወዳለሁ» ለሚለውም «አዎ» ይላሉ። ጠያቂዋን ላለማስከፋት፣ በይሉኝታ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ነጥቡን ደምሮ ያልፍ ነበር። እሷ ቆም አለች። ተቃራኒ ዓረፍተ ነገሮችን እያጣመረች ይህን ሁሉን የመቀበል ዝንባሌ ለካች። መላሾቹ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። ከዚያም ነጥቡ ለከተሜውም ለገጠሬውም አንድ ትርጉም እንዳለው ፈተሸች። ደብዳቤያችሁ ይህን ይተርክ። ከእሷ ሥራ በፊት ያንን ነጥብ አይተን ምን እንል ነበር? አሁንስ ምን እንላለን? መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ጽሑፏን እንደገና አንብቡ።

የእሷን ድርሻ ከአማካሪዋ ለዩ። «በጋራ አሳትመዋል» ማለት አይበቃም። ሐሳቡ የማን ነበር? መረጃውን ማን ሰበሰበ? ትንተናውን ማን ሠራ? ክሬዲት የሚባለው የአስተዋጽኦ ዝርዝር 14 ሚናዎች አሉት፤ እሱን ይዛችሁ ዕጩዋን ራሷን ጠይቁ። የትርጉም ሥራውን፣ ሳይሳካ የቀረውን ሙከራ፣ ለሌሎች ክፍት ያደረገችውን መረጃም አትዝለሉ።

ቁጥር ላይ አትንጠልጠሉ። ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ኤች ኢንዴክስ (የተመራማሪን ጽሑፎች ብዛትና ሌሎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሷቸው አጣምሮ የሚያሳይ ቁጥር) ከዓመታት ጋር የሚያድግ ነው፤ ትናንት ለጀመረ ሰው አይፈርድለትም። ስለ ምርምር ምዘና የወጣው የሳን ፍራንሲስኮው የ2012 (እ.ኤ.አ.) መግለጫም የመጽሔት ኢምፓክት ፋክተር (የመጽሔቱ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) የተመራማሪ መመዘኛ እንዳይሆን ይጠይቃል። እኛ ሥራችን የመለኪያን ተገቢነት መፈተሽ ነው። ሰው ስንመዝን ይህን ልንረሳ አይገባም።

ሁለተኛ ደብዳቤ ከተፈቀደ ከሌላ ተቋም ይሁን። መጠይቋን በሥራው ላይ የተጠቀመ የክሊኒክ ባለሙያ ካለ፣ ከትልልቅ ፕሮፌሰሮች በፊት እሱን ጠይቁት። ጊዜ ስጡት። የተጠቀመበትን ሁኔታ የታካሚ ማንነት በማይገልጥ መንገድ እንዲጽፍ ንገሩት።