የኦንላይን ስልጠና ስታዘጋጁ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አንድ የሥራ ክፍል 60 ገጽ መመሪያ ይልክና «ይህን ለሠራተኛው ኦንላይን ኮርስ አድርጉልን» ይላል። ጀማሪው ዲዛይነር ምዕራፉን ሞጁል፣ አንቀጹን ስላይድ ያደርገዋል፤ መጨረሻ ላይ 10 ጥያቄ ይጨምርበታል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እባካችሁ ተዉት! መመሪያ የሚጻፈው ሰው ሲቸግረው ገልጦ እንዲያየው እንጂ ከዳር እስከ ዳር እንዲሸመድደው አይደለም። ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት ያዘዛችሁን ክፍል ጠይቁ፦ ሰዎቹ ዛሬ ምኑ ላይ ነው የሚሳሳቱት? ከስልጠናው በኋላ ምን ሲሠሩ ልናይ ነው? ለዚህ መልስ ካልተገኘ ኮርሱን አትጀምሩት።

እኔ ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። በአንድ መጋዘን ሠራተኞቹ የተመላሽ ዕቃ ቅጽ አሳስተው ይሞላሉ ተብዬ 45 ስላይድ ያለው ኮርስ ሠራሁ። ሁሉም ጨረሱት፣ ፈተናውንም አለፉ፤ ስህተቱ ግን እንዳለ ቀጠለ። በኋላ ሄጄ ከአንዲት ሠራተኛ ጎን ቆሜ አየሁ። ቅጹ ላይ «የተበላሸ» እና «ጉድለት ያለበት» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። አንዱ በመጓጓዣ ለተጎዳ ዕቃ፣ ሌላው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እንከን ላለበት ነው፤ ይህን ግን ቅጹ አይናገርም። እዚያ ስትደርስ እጇ ይቆማል፣ ወደ ጓደኛዋ ዞር ትላለች፣ ከዚያ አንዱን ትጫናለች። ሁለት መስመር ማብራሪያ ጽፈን ከስክሪኑ ጎን ለጠፍንና ችግሩ ቀረ። ያባከንኩት የዚያ ሁሉ ሰው ሰዓት ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥያቄ አወጣጥም ያሳዝነኛል። «ደንበኛ ሲናደድ ምን ይደረጋል? ሀ. መጮህ ለ. ማዳመጥ ሐ. ጥሎ መሄድ»። ይህን ለመመለስ ማን ስልጠና ያስፈልገዋል? እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ደንበኛዋ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ ትላለች። ሲስተሙ የሚያሳየው አንድ ክፍያ ነው። ከኋላዋ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ምን ይሏታል?» ምርጫዎቹን ከጭንቅላታችሁ አታውጡ። ነባር ሠራተኞችን «አዲስ ሰው እዚህ ጋ ምን ብሎ ያበላሻል?» በሏቸው፤ የተሳሳቱትን ምርጫዎች እነሱ ይሰጧችኋል። ከመልሱ በኋላም «ተሳስተዋል» ብላችሁ አትለፉ፤ ደንበኛዋ ምን ብላ እንደመለሰች አሳዩ።

ስላይዱ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል በድምፅ ማንበብ ይቅር። ሰልጣኙ ቀድሞ አንብቦ ይጨርስና ይጠብቃል። ሥዕልን በድምፅ ብቻ ማብራራት፣ ያንኑ ጽሑፍ ከመደረብ የተሻለ እንደሚያስተምር የሥነ ልቦና ተመራማሪው የሪቻርድ ማየር ምርምሮች አሳይተዋል። ድምፁ እስኪያልቅ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ መቆለፍም ይቅር።

«እሱ በማየት፣ እሷ በመስማት ነው የምትማረው» ብላችሁ ኮርስ አትከፋፍሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ ማስረጃውን መርምረው በቂ ድጋፍ አላገኙለትም።

ሁሉንም በዓመት አንድ ቀን ማጨቅ ደግሞ አለ። የተሸመደደ ነገር በፍጥነት እንደሚረሳ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ያነበቡትን ለማስታወስ የተፈተኑ ተማሪዎች ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ ብዙ እንደሚያስታውሱ አገኙ። ስለዚህ ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት ጥያቄ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሁለት ላኩ። ሥራው ትንሽ ነው፤ የሚያደርገው ሰው ግን ብዙም አላየሁም።

የመጨረሻው ቴክኒካል ነው። ስኮርም 1.2 (ኮርሱና ኮርሱ የሚጫንበት ሲስተም መረጃ የሚለዋወጡበት ስታንዳርድ) ሰልጣኙ የደረሰበትን ለማስቀመጥ የሚሰጠው ቦታ 4096 ፊደል ነው። ረጅም ኮርስ ከዚያ ሲያልፍ አንዳንድ ኤልኤምኤስ (ኮርሱ የሚጫንበት የስልጠና ሲስተም) ትርፉን ምንም ሳይናገር ይቆርጠዋል፤ ሰልጣኙም ሲመለስ ከአንድ ይጀምራል። ከመልቀቃችሁ በፊት በአድሚን ሳይሆን በተራ ሰልጣኝ አካውንት ግቡ፣ ሁሉንም ገጽ ክፈቱ፣ ሁሉንም ጥያቄ መልሱ፣ መጨረሻው ስላይድ ላይ ሳትደርሱ ዝጉት። በማግስቱ በስልክ ክፈቱትና የት እንደሚጀምር እዩ።