ነርሲንግ ሆም እንዴት ይመረጣል? ከሎቢው በፊት የሠራተኛውን ቁጥር እዩ

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል በገባች በአምስተኛው ቀን ሶሻል ወርከሯ አንድ ወረቀት ሰጠችን። የነርሲንግ ሆሞች ዝርዝር ነው። «እስከ ነገ ምረጡ» አለች። ወንድሜ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማየት ጀመረ። ሎቢው ያምራል፣ ሶፋው አዲስ ነው።

እኔ ግን ሜሪላንድ ውስጥ ሲ ኤን ኤ፣ ማለትም ነዋሪውን የምታጥብ፣ የምታለብስና የምታበላ የነርስ ረዳት ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ለሁለት አርባ ሰው የያዝንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ልብም ጉልበትም አለን፤ ግን አይደረስም። አንዷን ስናገላብጥ ሌላው ብቻውን ሊነሳ ይሞክርና ይወድቃል። አዛውንት በብዛት የሚጎዱት በክፉ ሰው አይደለም፤ በሰው እጥረት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለወላጅ ነርሲንግ ሆም የምትፈልጉ ከሆነ እኔ የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. የቦታውን ዓይነትና ከፋዩን ለዩ

አሲስትድ ሊቪንግ (አዛውንት በተወሰነ እርዳታ የሚኖሩበት ቤት) እና ነርሲንግ ሆም (ነርሶች ቀንና ሌሊት የሚንከባከቡበት ቤት) አንድ አይደሉም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ለነርሲንግ ሆም ነው። ሜዲኬር (የፌደራል መንግሥት በዋናነት ለአዛውንት የሚሰጠው የጤና መድን) የሚከፍለው ለማገገሚያ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቢበዛ 100 ቀን። ሙሉውን የሚሸፍነው የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሲሆን፣ በመደበኛው ሜዲኬር ታማሚው መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ ተኝቶ 3 ቀን መታከም አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶም «ኦብዘርቬሽን» (በይፋ ሳይገባ ለክትትል የተያዘ) ተብሎ ከተመዘገበ ያ ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ ገና ሆስፒታል እያለ «የተመዘገበው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው ረጅም ኑሮ ወይ ከኪስ ነው፣ ወይ ሜዲኬድ (ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት መድን) ነው። ቦታው ሜዲኬድ ይቀበል እንደሆነ ከመጀመሪያው እወቁ።

2. ኬር ኮምፔርን ክፈቱ፣ ግን አጠቃላዩ ኮከብ ላይ አትቁሙ

የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ኬር ኮምፔር የሚባል መፈለጊያ አለ። ዚፕ ኮዳችሁን ስታስገቡ በአካባቢያችሁ ያሉትን ነርሲንግ ሆሞች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ሰጥቶ ያሳያችኋል። ኮከቡ በ2008 የተጀመረ ነው። አብዛኛው ሰው አጠቃላዩን አይቶ ይዘጋዋል። እናንተ ወደ ታች ውረዱ።

ኮከቡ ከሦስት ነገር ይሠራል፦ ከኢንስፔክሽን፣ ከሠራተኛ ቁጥርና ከጥራት መለኪያ። የጥራት መለኪያው በአብዛኛው ነርሲንግ ሆሙ ራሱ ሞልቶ ከሚልከው መረጃ ነው። ኢንስፔክሽኑን ግን የግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ሳይናገሩ መጥተው ያዩታል። የሠራተኛ ቁጥሩም ከ2018 ወዲህ ከደመወዝ መዝገብ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ በጥራት 5፣ በሌሎቹ 1 ወይም 2 ያለውን ቦታ እኔ አልፈዋለሁ። ከስሙ አጠገብ ቀይ የእጅ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ከነዋሪ ላይ ከሚፈጸም በደል ጋር በተያያዘ ጥፋት ተገኝቶበታል ማለት ነው።

3. 24ን አካፍሉ

የሠራተኛውን ክፍል ስትከፍቱ ለአንድ ነዋሪ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚደርሰው ተጽፏል፤ የአር ኤን (ከፍተኛ ሥልጠና ያላት ነርስ)፣ የኤል ፒ ኤን (ከአር ኤን ያነሰ ሥልጠና ያላት ነርስ) እና የሲ ኤን ኤ ለየብቻ። እንዲሁ ሲያዩት ምንም አይናገርም። 24ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። የሲ ኤን ኤው 2.4 ከሆነ፣ 24 ሲካፈል ለ2.4፣ 10 ይመጣል። በአማካይ አንዷ ሲ ኤን ኤ 10 ሰው ይዛለች ማለት ነው። ሌሊት ሠራተኛ ስለሚቀንስ ከዚህ ይበዛል፣ ቀን ያንሳል። 2 ከሆነ 12 ሰው ነው። ጠዋት 12 ሰው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ቁርስ ማብላት ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። አንዳንዱ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል።

የአር ኤን ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቢሮ ተቀምጠው የሚያስተዳድሩት አር ኤኖች፣ የነርሶቹ ኃላፊም ጭምር፣ እዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። አልጋ አጠገብ የሚደርሰው ከተጻፈው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ምን ያህል ነው በቂ? በ2001 ለፌደራል መንግሥት የቀረበ ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ የሚኖር ሰው በጠቅላላ በቀን 4.1 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ 2.8 የሲ ኤን ኤ ካላገኘ እንክብካቤው ይጎዳል ብሏል። በ2024 መንግሥት ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንዲሆን ደንብ አወጣ፤ በ2025 ግን ቴክሳስ ውስጥ ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ አስጎብኚዋ «እኛ የፌደራል ሕጉን እናሟላለን» ብትላችሁ አትርኩ። ሕጉ የሚለው ፈቃድ ያለው ነርስ 24 ሰዓት፣ አር ኤን ደግሞ በቀን 8 ሰዓት ይኑር ነው። ለሲ ኤን ኤ ግን ቁጥር አላስቀመጠም። የራሳቸውን ቁጥር ያወጡ ግዛቶች አሉ፤ የእናንተን ጠይቁ።

እዚያው ገጽ ላይ ሁለት ነገር አትዝለሉ። አንዱ የዊኬንድ ሰዓት ነው። ሁለተኛው በዓመት ውስጥ ከሠራተኛው ስንት በመቶው እንደለቀቀ ነው። ይህ ሁለተኛው ለእኔ ከኮከቡ ይበልጥብኛል። የቆየች ሲ ኤን ኤ እናታችሁ ግራ ትከሻዋን እንደሚያማት ታውቃለች፤ ቀሚሷን ስታለብሳት ከግራ እጇ ትጀምራለች። ትናንት የመጣችው ይህን አታውቅም፤ ማንም አልነገራትም።

4. የኢንስፔክሽኑን ሪፖርት አንብቡ

ሪፖርቱ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ በሕጉም ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ መቀመጥ አለበት። እያንዳንዱ ጥፋት ከኤ እስከ ኤል ፊደል አለው። ጂ፣ ኤችና አይ በሰው ላይ ጉዳት ደርሷል ማለት ነው። ጄ፣ ኬና ኤል ደግሞ ለሕይወት እስከማስጋት የሚደርስ አደጋ ናቸው። ጥፋት የሌለበት ቦታ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ብዛቱን ብቻ አትቁጠሩ። የሁለትና የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አድርጉና የሚደጋገመውን ፈልጉ። መውደቅ፣ በመተኛት ብዛት የሚመጣ ቁስል፣ የመድኃኒት ስህተት። ጽሑፉ ውስጥ ሰዎቹ «ነዋሪ ቁጥር 4» እየተባሉ ነው የሚጠሩት። የዚያን ሰው ታሪክ ወላጃችሁን እያሰባችሁ አንብቡት።

5. እሁድ ማታ፣ በእራት ሰዓት ሂዱ

በቀጠሮ የሚደረገውን ጉብኝት አድርጉት፤ ከዚያ ሳትናገሩ እሁድ ወደ 11 ሰዓት (5 ፒ ኤም) ግድም ተመለሱ። በየቀኑ በየሺፍቱ ስንት ነርስና ሲ ኤን ኤ እንዳለ፣ ስንት ነዋሪም እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት በሚታይ ቦታ መለጠፍ ግዴታ ነው። ፈልጉት፣ ቀኑን እዩ፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን ሰዎች በዓይናችሁ ቁጠሩ።

ቀጥሎ ትሪውን እዩ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ እናት ፊት የወተቱ ካርቶን ሳይከፈት፣ የሾርባው ክዳን ሳይነሳ ተቀምጦ እየቀዘቀዘ ነው? እንደዚያው ተመልሶ ይሄዳል? ካርቶኑን የሚከፍት ሰው ከሌለ ሰውዬው ኪሎ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ውሃው አልጋ ላይ ካለው ሰው እጅ ይደርሳል ወይስ መስኮቱ ጋ ነው? ከበሩ በላይ የጥሪ መብራት ሲበራ ሰዓታችሁን እዩና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዙ። ከአንድ ክፍል ሽታ ቢመጣ አሁን የሆነ ነገር ነው፤ መላው ኮሪደር የቆየ ሽንት ከሸተተ ግን ሰው አልተደረሰም።

ዋሽንግተን ዙሪያ ከሆናችሁ ሐበሻ ሲ ኤን ኤ ማግኘታችሁ አይቀርም። «እህቴ፣ ዛሬ ስንት ሰው ይዘሻል?» በሏት። አለቃዋ ፊት ግን አይሁን፤ እንጀራዋ ነው። «ሰሞኑን ደብል (ሁለት ሺፍት በተከታታይ) የማትሠሪበት ቀን አለ?» ብትሏት ፊቷ ይነግራችኋል።

6. ኃላፊዋን የምትጠይቋት

ሲ ኤን ኤዎቹ በየቀኑ ተመሳሳይ ሰው ነው የሚይዙት ወይስ ይቀያየራሉ? ከኤጀንሲ በጊዜያዊነት የሚመጣው ሠራተኛ ስንት ነው? የነርሶቹ ኃላፊ እዚህ ስንት ዓመት ሆናት?

የመርሳት በሽታ የያዛቸው ወላጆቻችን እንግሊዝኛውን ጥለው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ነዋሪ ስለ ጤናው በሚገባው ቋንቋ የመስማት መብት አለው፤ አስተርጓሚ በስልክም ቢሆን እንዴት እንደሚያገኙ ይንገሯችሁ። ጾሙንም አንሱ። እናቴ ረቡዕና አርብ ዶሮ ሲቀርብላት ዝም ብላ ትመልሰው ነበር። መዝገቧ ላይ «ምግብ እምቢ አለች» ተብሎ ተጻፈ። ጾም መሆኑን የሚያውቅ ስላልነበረ ለዲፕሬሽን መድኃኒት ሊጀምሩላት ነበር።

7. ከመፈረማችሁ በፊት

ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት ላለመሄድ የሚያስፈርም የግልግል ዳኝነት ውል መሐል ላይ ይኖራል። እሱን ካልፈረማችሁ አንቀበልም ማለት አይችሉም፤ ከፈረማችሁም በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። እንዲሁም ልጅ ከራሱ ኪስ ለመክፈል ዋስ ካልሆነ አናስገባም ማለት በፌደራል ሕግ ክልክል ነው። በእናታችሁ ገንዘብ ላይ ውክልና ካላችሁ በውክልና እንደምትፈርሙ ግልጽ አድርጉ።

ከገባች በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው የእንክብካቤ ዕቅድ መዘጋጀት አለበት። ማጠቃለያውን ጠይቃችሁ ተቀበሉ። አንድ ነገር ካልተስተካከለ በየግዛቱ የነርሲንግ ሆም እምባ ጠባቂ አለ፤ በነፃ ነው። የእናንተን የት እንደምታገኙ በ1-800-677-1116 ይነግሯችኋል።

እኛ በመጨረሻ የመረጥነው ቤት ምንጣፉ ያረጀ ነው። የሲ ኤን ኤው ቁጥር ግን 2.9 ነበር። በገባች ቀን አንድ ካርቶን ላይ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ሽንቴ መጣ» የሚሉትን ቃላት አነባበባቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ትርጉማቸውንም ከጎናቸው ጻፍኩና ከአልጋዋ ራስጌ ለጠፍኩት። በሳምንቱ ስመለስ አንዲት ጃማይካዊት ሲ ኤን ኤ ጎንበስ ብላ «ውሃ?» ስትላት ደረስኩ።