የበረታችንን ዝንብ ያስታገሱልን ጥቃቅን ተርቦች

ደብረ ብርሃን አካባቢ ላም ለምታረቡ ሁሉ፦ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲጠነክር በረቱን የሚወረው ዝንብ መድኃኒት ቢረጭበትም ተመልሶ ይመጣ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከጥጃዎቹ ጉዝጓዝ ሥር ነው። እርጥቡን ገለባ ስገልጥ ቡናማ የዝንብ ሙሽሬዎች (እጩ ወደ ዝንብ የሚለወጥባቸው ቅርፊቶች) አየሁ። ዝንብ የወጣበት ሙሽሬ ጫፉ እንደ ክዳን ተከፍቶ ይቀራል፤ ተርብ የወጣበት ግን ትንሽ ክብ ቀዳዳ ነው ያለው። ባለቀዳዳዎቹም ነበሩበት! ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆነው ሴቷ ተርብ ሙሽሬውን ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው እጭ ታዳጊውን ዝንብ በልቶ ይጨርሰዋል። ሰውም ከብትም አትነድፍም።

ችግሩ ተርቧ እስክታድግ ከዝንቡ የበለጠ ጊዜ መውሰዷ ነው። እበት ላይ የሚረጭ መድኃኒት ደግሞ እሷንም ይገድላል። ስለዚህ እበት ላይ መርጨት አቆምን። የጥጃዎቹን እርጥብ ጉዝጓዝ ቶሎ ቶሎ እናወጣለን፤ ትኩሱን እበት ኩበት ጠፍጥፈን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ እጭ በደረቀ እበት አያድግምና። የቆየውን ደረቅ ፍግ ግን በአንድ ጊዜ አንጠርገውም፤ ተርቦቹ ሙሽሬ አግኝተው የሚባዙት እዚያ ነው።

ዝንቡ ጨርሶ አልጠፋም። ላሞቹ ግን ሲታለቡ አይራገጡም፤ ለመድኃኒት ይወጣ የነበረው ገንዘብም ፉርሽካ መግዣ ሆኗል።